ይፈርዳልና ፈርዷል

ለፋሲካ ላይ ጋይንት እናቴ ዘንድ ስደርስ ውሻችን ከጎተራው ሥር ሰባት ቡችሎች ወልዳ ተኝታለች። ዓይናቸው መገለጥ ጀምሯል። እናቴ ከእኔ ይልቅ እነሱን እያየች፣ «ዘገየሁ» አለች። «ጾሙ አድክሞኝ ዘገየሁ እንጂ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ነበር።» ምን «ነበር» እንደሆነ አገሩ ያውቃል፤ ከቤታችን በታች ወንዝ አለ። ከተማ የኖረ ሰው ነኝና አፌ ቀደመኝ።

«ተይ እማዬ፣ ለሁሉም ቤት እፈልግላቸዋለሁ።»

«ቤት?» አለች። «አንተ ራስህ በኪራይ አይደለህ?»

ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ ተመልሼ መጣሁ። አንዷ ሴት በግንቦት ሞታለች፤ ስድስቱ ጡት ጥለው የእናቴን ጫማ ይዘዋል። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ከጫማ በቀር የቆዳ ሽታ ያለው ነገር አልነበረም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዞሮ ስለነበር ፈላጊ አልጠፋም። አክስቴ ቀበሮ ግልገል እየነጠቀባት ነው። ስማዳ ያለው አጎቴ ዝንጀሮ ማሽላውን ፈጅቶበታል። እስቴ ያለ ዘመዳችን ደግሞ ጃርት ድንቹን ሌሊት ሌሊት ከእሱ ቀድሞ ይቆፍርለታል። ሦስቱም አንድ ቃል ጨመሩ፦ «ወንድ ከሆነ።» ሴት ውሻ በር ላይ ካለች በወቅቷ የቀበሌው ወንድ ውሻ ሁሉ ይሰለፋል፤ ከዚያም የእኔ ዓይነት ጣጣ ይመጣል። አልፈረድሁባቸውም። ግን ካሉኝ ስድስቱ ወንዶቹ አራት ብቻ ናቸው።

የአጎቴን ድርሻ ላደርስ በዘንቢል ይዤ፣ አፉን በሻሽ አስሬ፣ ከነፋስ መውጫ መኪና ተሳፈርሁ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በእኛ ደጋ ነው። መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝናል ይባላል፤ እኔ ግን ከቡችላ መድፍ ይሻላል ባይ ነኝ። መድፍ ጎማ አለው፤ ሰው ላይም አይሸናም።

«ጋሼ፣ ዘንቢሉ ውስጥ ምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አለ ረዳቱ።

«ዶሮ ነው።»

«ዶሮ እንዲህ ያለቅሳል?»

«አሞት ነው» አልሁ፤ ከዚያ የከፋ መልስ አልነበረም። ከኋላ አንዲት እናት የራሳቸውን ዶሮ አቅፈው፣ «የታመመ ዶሮ ይዘህ ከሰው መሀል ትገባለህ!» ብለው ተነሡ። ነገሩ ከመባሱ በፊት ሻሹን ፈታሁ። ቡችላው ብቅ ሲል መኪናው ሳቀ፤ አጠገቤ የነበሩት ቄስ ብቻ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ረዳቱ የአንድ ሙሉ ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። ያኔ ውሻዬ ወንበር እንዲያገኝ ብጠይቅ ኖሮ እንዴት ባማረ!

ቡችላ በሰጠሁበት ሁሉ፣ «ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት አስከትቡት» እያልሁ አደራ አልሁ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። አጎቴ እንዲያውም ሸሚዙን ገልጦ፣ በልጅነቱ እብድ ውሻ ነክሶት በእምብርቱ ዙሪያ 14 መርፌ የተወጋበትን አሳየኝ። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል፣ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙም በውሻ እንደሚመጣ ነገርሁት። እሱ ግን የመርፌውን ቁጥር ነበር ደጋግሞ የሚናገር። እግረ መንገዴን ስለ ቀይ ቀበሮም አነሣሁ፤ በሌላ ቦታ፣ በባሌ፣ ከውሻ የተጋባበት ይኸው በሽታ ሊጨርሰው ደርሶ ነበር። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የእኛ ጉናም የራሱ ቀይ ቀበሮ ነበረው፤ ዛሬ የለም። «ግልገላችንን የሚበላው ቀረና እሱ ጠፋ?» አለ አጎቴ። መልስ አልነበረኝም።

አራተኛውን ወንድ የጠየቀኝ የእናቴ ጎረቤት ነው፤ ከወሰኑ በላይ የሚያርሰው። በጉም ማሽላም አላነሣም። ቡችላውን አገላብጦ ሳያይ ታቀፈውና ሄደ። ማታ ቡና ላይ ሳለን ከወደ እሱ በኩል የሚያስተጋባ ድምፅ ሰማን፦

«ይፈርዳል! ና ይፈርዳል!»

እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «አንተ ልጅ ምን አመጣህብን?» አለች።

ለማያውቅ ልንገር። በአገራችን ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ተብለዋል። ፈረስ የሌለው ገበሬ ደግሞ የልቡን በውሻው ስም ይናገራል። ጎረቤትን በስሙ ቢሰድቡት ዳኛ አለ። ውሻን በስሙ ቢጠሩት ግን ምን ተብሎ ይከሰሳል? ከወሰኑ በታች ያለው ሰውዬ በድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ፣ ከላይኛው ጋር «ሥሩ ገብሴን ጨረሰው፣ አልጨረሰውም» ሲካሰሱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የላይኛው የጎደለው ጠበቃ ሳይሆን ውሻ ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን የታችኛው እኛ ደጅ ቆመ።

«መምህር፣ ቡችላ አለ አሉ።»

«ወንዶቹ አልቀዋል አያ፤ ሴቶች ናቸው የቀሩት።»

«አምጣ ግዴለም።»

መልስ ለመስጠት የቸኮለ ሰው ጭራ አንሥቶ አያይም። ማታ ከታች ተሰማ፦ «ፈርዷል! ነይ ፈርዷል!» ሴቲቱን በወንድ ስም! ያኔ ነው ሴት ቡችላ ቤት የምታገኝበት መንገድ የገባኝ። እናቴም ስቃ፣ «የቀረችውን እኔው ልያዛት፤ ሌላ ሁለት ባላጋራ ሳትፈልግ» አለች።

ሐምሌን ሙሉ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር፣ መንደሩ ሙግቱን በየማታው ያዳምጥ ነበር። ይፈርዳል ከላይ፣ ፈርዷል ከታች። ቡችሎቹ ስማቸው በተጠራ ቁጥር እየተንደረደሩ ሄደው ጭራቸውን ይቆላሉ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ያስጠሩት ባለጉዳዮቹን አልነበረም።

«ምላስ ያደልሃቸው አንተ ነህ አሉ» አሉኝ።

ለፍልሰታ ሳይታረቁ እንዳይገቡ ተብሎ ዕርቁ ተያዘ። ባሕር ዛፉ የሚቆረጠው ተቆረጠ፣ ወሰኑ በድንጋይ ተለየ፤ ይህ በግማሽ ቀን አለቀ። የውሾቹ ስም ግን እስከ ማታ አከራከረ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ሁለቱም አንድ ስም ይውጣላቸው አሉ፦ ይቅር።

በማግሥቱ ማታ ደጅ ተቀምጫለሁ። የላይኛው ወጣና፣ «ይቅር! ና ይቅር!» አለ። ውሻው እውነትም ቀረ። እንደገና ጠራ፤ ከድንጋዩ ወሰን አጠገብ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ያየዋል እንጂ አይነቃነቅም። ሰውዬው ግራ ቀኙን አየ፣ ወደ ታችኛው ቤትም አየ፣ ጎንበስ ብሎም፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይፈርዳል… ና» አለ።

ከታች በኩልም ከአጥሩ ጀርባ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማኝ።