የናፈቀው ሰው «ሚስ» አያደርግም

ከጌዴኦዋ ቡሌ ወጥተህ ዲላ፣ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ የገባኸው ወንድሜ! እናትህን በስልክ «እማዬ፣ ሚስ አድርጌሻለሁ» ያልካት ዕለት ምን እንዳልካት ልንገርህ። «ስቼሻለሁ» ነው ያልካት። እንግሊዞቹ ግሱን ሲጀምሩት ትርጉሙ ያነጣጠሩትን መሳት ነበር። የናፍቆቱ ትርጉም የተጨመረበት ኋላ ነው፤ ዛሬ 500 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። እናትህ ደግሞ የምታውቃት «ሚስ» አንዲት ናት፤ እሷም የታናሽ እህትህ አስተማሪ ናት።

«እናቴ እኮ አማርኛ ብዙም አትችልም» ትለኛለህ። ታዲያ እንግሊዝኛ ትችላለች?

«አንተ ዘመናዊ ነገር አትወድም» ትለኛለህ። እወዳለሁ! ባስ፣ ባንክ፣ ቻርጀር ከነስማቸው መጡ፣ ከነስማቸው ተቀበልናቸው። «ሚስ ኮል»ንም አልጣላውም፤ ሂሳብ ያለቀበት ሰው አንዴ አስጠርቶ የሚዘጋው ጥሪ ድሮ ስላልነበረ ስም አልነበረውም። «ፖሰተ»ንም አልጣላውም። አማርኛ ይዞ ገርቶታል፤ ፖሰተ፣ ይፖስታል፣ ፖስቶ እያለ ያረባዋል። ፊርማም ከጣሊያን መጥቶ «ፈረመ»ን ወልዷል፤ ዛሬ ቀበሌ ገብቶ ሲፈርም የጣሊያን ቃል መጠቀሙ ትዝ የሚለው የለም። «ሚስ» ግን አልተገራም። «አደረገ» ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ የመጣውም ወደ ባዶ ቦታ አይደለም።

ቁጠርልኝ እስቲ። ባስ አመለጠኝ። ትምህርት ቀረሁ። ዒላማውን ሳትኩ። ሚዛን ላይ ኪሎ ጎደለ። እናቴ ናፈቀችኝ። አምስት ግስ፣ አምስት የተለያየ ነገር! «ሚስ» መጣና አምስቱንም ጠራርጎ አንድ አደረጋቸው። አሁን ተማሪው መምህሩ ዘንድ ሄዶ «ፈተናውን ሚስ አደረግኩ» ሲል መምህሩ ምን ይረዳ? «አመለጠኝ» ቢል ሮጦ አልደረሰም። «ቀረሁ» ቢል ከቤቱም አልወጣም። «ሳትኩ» ቢል ደግሞ ተቀምጦ ጽፏል፣ መልሱ ነው የተበላሸው። አማርኛው ጥፋቱ የማን እንደሆነ እዚያው ግሱ ውስጥ ይናገራል። «ሚስ» ግን ጥፋቱንም ጥፋተኛውንም ሸፍኖ ያልፋል፤ ለዚህም ይመስለኛል አንዳንዱ ሰነፍ የወደደው።

«ናፈቅሽኝ ማለት ይከብዳል፣ ሚስ ማለት ይቀላል» ትላለህ። ይህን እንኳ እውነትህን ነው፤ የምጣላህም በዚሁ ነው። የሚቀልህ ውስጡ ምንም ስለሌለው ነው። ናፍቆት የሚከብድ ነገር ነው፤ ቃሉም አብሮት ይክበድ።

ቡሌ ደጋ ነው። እንሰትና ገብስ የሚበቅልበት፣ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ አገር ነው። እዚያ ሲመሽ ምን ትላለህ? «በረደኝ» ትላለህ። «ብርድ አደረግኩ» ያለ የቡሌ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ናፈቀችኝ፤ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አድራጊው አንተ አይደለህም፤ ነገሩ በአንተ ላይ የሚሆን ነው። «ናፈቅሽኝ» ስትላት የግሱ ባለቤት እናትህ ናት፤ አንተ መጨረሻ ላይ በአንዲት «ኝ» ተወክለህ ትቀመጣለህ። ቦታህም እዚያ ነው። «ሚስ አደረግኩሽ» ስትል ግን ራስህን ባለቤት አድርገህ እሷን ተሳቢ አደረግሃት። የሌለችው እሷ፣ የሥራው ባለቤት አንተ! ለእናት ይህ ተገቢ ነው?

የፈለግኸው ፈረንጅነት ከሆነም ፈረንጁ ሁሉ ከአንተ ጋር አይደለም። ፈረንሳዩ «ቱ ም ማንክ» ሲል «ጎደልሽብኝ» ማለቱ ነው፤ ጣሊያኑም «ሚ ማንኪ» ይላል፣ ያው ነው። እዚያም ባለቤቷ የምትናፈቀው ሰው ናት። ፓሪስና ሮም ከእናትህ ወገን ናቸው፤ አንተ ለንደን ላይ ብቻህን ቀረህ። ጎረቤትህን ጉጂን ብትጠይቀው ደግሞ በኦሮምኛ «ሲን ያዴ» ይልሃል፤ ቃል በቃል «አሰብኩህ» ማለት ነው። እዚህ ባለቤቱ ተናጋሪው ቢሆንም ቃሉ አጭር ነው፣ የራሱ ነው፣ ከእንግሊዝኛ አልተበደረውም።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትቼልህ በሄድኩ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ይጠፋል፣ ሰው ይቀራል፣ ቤተሰብ ይጎድላል። ሦስቱ አንድ አይደሉም። የጠፋ ይፈለጋል፤ ተስፋ አለው። የቀረ ላይመለስ ይችላል። የጎደለው ደግሞ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ቦታው ይታያል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሦስቱም በዚያችው በ«ሚስ» ዘር ሊጠቃለሉ ይችላሉ። ለሪፖርት ይበቃ ይሆናል። የልጇን መምጫ ለምትጠብቅ ሴት ግን በ«ጠፋ» እና በ«ቀረ» መካከል ያለው ርቀት ከምንም በላይ ነው፤ ያን ርቀት የሚያውቁ ግሶችን ሰብስቦ በአንድ የውሰት ቃል መለወጥ ጭካኔ ነው እላለሁ።

«ታዲያ በአማርኛ ብቻ እንናገር ነው የምትለው?» አይደለም! የቡሌ ልጅ እኮ ሀብታም ነው። ቤት ውስጥ ጌዴኡፋ አለው፤ የሲዳምኛ፣ የሀዲይኛ፣ የከምባትኛ ዘመድ የሆነ የኩሽ ቋንቋ ነው። አማርኛ አለው፤ ብዙዎቹም ከጉጂ ጋር በኦሮምኛ ይግባባሉ። ይህን ሁሉ ይዞ ለገዛ እናቱ ናፍቆቱን ከእንግሊዝኛ የሚበደር ልጅ ቃል ቸግሮት አይደለም፤ ያሉት ቋንቋዎች ያነሱ መስለውት ነው። አላነሱም።

እንግሊዝኛውን ተማረው፤ ለፈተናህ፣ ለሥራህ፣ ለመጽሐፍህ ይሁንልህ፤ እዚያ «ሚስ»ን በትክክለኛ ቦታዋ ተጠቀምባት። ዛሬ ማታ ወደ ቡሌ ስትደውል ግን ለእናትህ በጌዴኡፋ ንገራት፤ አማርኛ ከቀለላችሁም «እማዬ፣ ናፍቀሽኛል» በላት።