ጫማዬም ይታይ

ሆላንድ ውስጥ ፈጣን ሌንስ የሚሸጥ ነጋዴ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ታኅሣሥ ይሠራለታል። በዚህ ወር አምስተርዳም ላይ ፀሐይ የምትወጣው ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ሲሆን የምትጠልቀው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ማለት አዲስ አበባ ላይ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ኳስ የሚጀምሩበት ሰዓት ነው። በመካከል ባለው ቀንም ቢሆን ፀሐይዋ ራሷ አትመጣም፤ ከደመናው በስተጀርባ ሆና ወኪል ትልካለች። ስለዚህ የፊልም ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው እስከ የካቲት ድረስ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ካሜራውን ቁም ሳጥን ውስጥ ማክረም፣ አለዚያም ብርሃን ለቃቅሞ የሚያመጣ ሌንስ መግዛት። ባለቤቴ ሦስተኛ ምርጫ አላት፦ «ስልክህ ምን ሆነ?» ሰላማዊ ትዳር ውስጥ መልስ የማይሰጣቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ይሄ አንዱ ነው።

ፈጣን ስል ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳው በጣም የሚሰፋውን ሌንስ ማለቴ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ኤፍ 1.4 ከኤፍ 2 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ዋጋው ደግሞ ቁጥሩ በወረደ መጠን ሽቅብ ይወጣል። ካሜራዬ ሬንጅፋይንደር ነው። በሌንሱ ውስጥ አታይበትም፤ ከጎን ባለች ትንሽ መስኮት አሻግረህ ነው የምታየው። በመስኮቷ መሐል የቆመው ሰው ሁለት ሆኖ ይታይሃል፤ የሌንሱን ቀለበት እያዞርክ ሁለቱን ስታጋጥማቸው ርቀቱ ተለካ ማለት ነው። የዚህ ዘር አለቃ ላይካ ኤም3 የወጣው በ1954 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆላንድን የጎበኙትም በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነው። ሮተርዳም የሚኖር አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ቢባል ንጉሡን እንደሚያስከፋ አልጠራጠርም።

የዚህን ጓደኛዬን ነገር ቀደም ብዬ ልናገር። መኪና የለውም፤ ኖክቲሉክስ አለው። ላይካ በ2008 ያወጣው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 0.95 ሌንስ ነው። ክብደቱ 700 ግራም፣ ዋጋው አዲሱ ከ10,000 ዩሮ በላይ። ያውሰኛል፤ ሲያውሰኝ ግን በሁለት እጁ አቅርቦ ነው፤ እኔም ሳላስበው ጎንበስ ብዬ እቀበለዋለሁ። «አንዴ ከለመድከው ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው» ይላል።

እኔ የማወዳድረው ሦስት ነበር። አንደኛው የጓደኛዬ ኖክቲሉክስ ነው፤ እርግጥ መግዛት ማለቴ ሳይሆን መመኘት ማለቴ ነው። ሁለተኛው የዛይስ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.5፣ ሲ ዞናር የሚሉት። ይሄኛው ጠባይ አለው። ሰፊ ከፍተህ ያነጣጠርክበት ቦታ፣ ቀዳዳውን ስታጠበው ትንሽ ወደ ኋላ ይንሸራተትብሃል። የሌንስ ሰዎች ይህን ጉድለት አይሉትም፤ «ካራክተር» ነው የሚሉት። ዘመድ ቢያደርገው ግን ስም ያወጡለት ነበር። ሦስተኛው የፎክትሌንደር 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ኖክተን ነው፤ እፍኝ የማይሞላ፣ ጃፓን ውስጥ የሚሠራ፣ ከላይካ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ሰው የሚደፍረው።

አምስተርዳም ላይ ትንሹን ለሙከራ ይዤ ወጣሁ። ከተማው ለሠላሳ አምስት የተሰፋ ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ ጠባብ፣ ቦዩን ከኋላህ አድርገህ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብትል ውኃ ውስጥ ነህ። ችግሩ ብስክሌት ነው። ሠላሳ አምስቱን በኤፍ 1.4 ከፍቼ ሁለት ሜትር ላይ ባነጣጥር ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊት እስከ ኋላ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው ደግሞ በሰከንድ 5 ሜትር ይሄዳል። ያችን የጠራች ቦታ የሚያቋርጣት እንግዲህ በአንድ ሃያኛ ሰከንድ ገደማ ነው፤ እኔ ያን ጊዜ ገና አንድ ዓይኔን እየጨፈንኩ ነኝ። ሆላንዳውያን እናቶች ልጆቻቸውን ከፊት በሣጥን አድርገው የሚነዱት ባክፊትስ የሚባል ብስክሌት አላቸው፤ እሱማ ፈተና ነው። ልጆቹ ሲጠሩ እናትየዋ ትደበዝዛለች፤ እናትየዋ ስትጠራ ልጆቹ ይጠፋሉ። በመልካም ቀን ኤፍ 8 ላይ አድርገህ ሁሉንም ታገኛለህ፤ በታኅሣሥ ለኤፍ 8 የሚሆን ብርሃን ከየት መጥቶ!

የዚህ አገር ሰው ይህን ሁሉ ሳይራቀቅበት ሠርቶበታል። አምስተርዳም ተወልዶ ያደገው ኤድ ፋን ደር ኤልስከን በ1959 «ጃዝ» የሚል የፎቶ መጽሐፍ አውጥቷል። ኮንሰርትገባው አዳራሽ ውስጥ ሌሊት የሚጫወቱትን ሙዚቀኞች ያነሳቸው ያለ ፍላሽ ነው፤ ባለው ብርሃን። ፎቶዎቹ ሻካራ ናቸው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ጥሩምባው ግን ይሰማል። ለጓደኛዬ ይህን ጠቅሼ «የጎደለውን ብርሃን በሌንስ ብቻ ሳይሆን በፊልም አጠባም መሙላት ይቻላል፤ 400 ፊልም እንደ 1600 አንስቶ አቆይቶ ማጠብ ነው» ብለው አዘነልኝ።

ሮተርዳም ብዙ አልቆይም። መሐል ከተማውን የጀርመን አውሮፕላኖች ሜይ 14 ቀን 1940 ደብድበው ካቃጠሉት በኋላ ሰፊ ሆኖ፣ ረጅም ሆኖ፣ በመስታወት ተሠርቶ ነው የተነሳው። የኤራስመስ ድልድይ ምሰሶ 139 ሜትር ነው፤ አይሮጥ፣ ብስክሌት አይነዳ፣ ቆሞ ይጠብቅሃል። የሚያስቸግረው ነፋሱ ነው፤ ነፋስን የሚያቆም ሌንስ ደግሞ እስካሁን አልወጣም። ጓደኛዬም እዚህ ከተማ ውስጥ ሌንሱን የሚጠቀምበት ቤቱ ውስጥ ነው። ቡና ሲፈላ የስኒ ጆሮ ያነሳል። አንድ ሜትር ላይ በኤፍ 0.95 የሚጠራው ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የስኒው ጆሮ ሲጠራ ስኒው ራሱ በከፊል ጭጋግ ነው፣ ጀበናው ወሬ ነው። ውብ አይደለም ማለት አልችልም።

ነገሩ የለየለት ዴን ሃግ ላይ ነው፤ ለክርስትና ተጠርተን። በባቡር ስንሄድ በዴልፍት ሥር እናልፋለን፤ ከ2015 ጀምሮ ሐዲዱ በዋሻ ውስጥ ነው። በራሱ እጅ ሌንስ አበጅቶ ማንም ያላያቸውን ነፍሳት ያየው ሌወንሁክ የኖረው ከላያችን ነው፤ ጓደኛዬ ዋሻው እስኪያልቅ በአክብሮት ዝም ይላል። ዴን ሃግም ከሌንስ ጋር የቆየ ነገር አላት። በ1608 በጥቅምት ሃንስ ሊፐርሃይ የተባለ መነጽር ሠሪ ከሚደልበርግ መጥቶ የሩቁን አቅርቦ ለሚያሳየው መሣሪያው ከመንግሥት የፈጠራ መብት ጠይቋል። ሌሎችም እኛም ሠርተናል ብለው ስለመጡ መብቱን አልሰጡትም፤ መሣሪያውን ግን አሠርተው ጥሩ አድርገው ከፈሉት። ፈላስፋው ስፒኖዛም በ1677 እስኪሞት ድረስ በዚሁ ከተማ ሌንስ ሲሞርድ ኖሯል። ጓደኛዬ ስፒኖዛን የሚያከብረው በዚህኛው ሥራው ነው።

አዳራሹ እንደምታውቁት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መብራቱ ግማሹ የሚሠራ፣ ዳቦውና ድፎው በአንድ ጥግ። ጓደኛዬ ኖክቲሉክሱን ከፍቶ፣ እስከ መጨረሻው፣ ሕፃኑን ከክርስትና አባቱ ክንድ ላይ አነሳው። ሬንጅፋይንደር እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው። በመስኮቷ ስታይ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ነው የሚታየው፤ ማን እንደጠፋ የምታውቀው ፊልሙ ሲታጠብ ነው። በዚያ ላይ ያ ወፍራም ሌንስ የመስኮቷን የታች ጥግ ስለሚጋርድ፣ በዚያ ጥግ የቆመ ሰው ምን እያኘከ እንደነበረ የሚታወቀውም ያኔ ነው።

ፎቶው ሲመጣ የሕፃኑ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የክርስትና አባትየው ነጭ ደመና ሆነዋል።

«ይሄ ማነው?» አሉ ጣታቸውን ደመናው ላይ አድርገው።

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«እኔ? ከአዲስ አበባ ድረስ ያስመጣሁት ልብስ የት ሄደ?»

ጓደኛዬ ተከራከረ። እዚሁ ዴን ሃግ ማውሪትስሃውስ ውስጥ የተሰቀለችውን የፌርሜርን ባለ ሉል ጉትቻ ልጅ ጠቀሰ፤ ከኋላዋ ጨለማ እንጂ ምንም የለም፣ ዓለም ግን ተሰልፎ ያያታል አለ። ጋሼ በትዕግሥት አዳመጡትና «እሷ ብቻዋን ናት እኮ ልጄ» አሉት፤ «ከኋላዋ የክርስትና አባት አለ?»

ከዚህ በላይ የተሟላ የፎቶግራፍ ሂስ ሰምቼ አላውቅም። የኛ ሰው ፎቶ የሚነሳው ለመገኘቱ ማስረጃ ነው። አገር ቤት ፎቶ ቤት ስንገባ መጋረጃው፣ የፕላስቲክ አበባው፣ የተወለወለው ጫማ ሁሉም ይቆጠር ነበር፤ «ጫማዬም ይታይ» የማይል ሰው አልነበረም። በእንዲህ ያለ ሕዝብ መሐል አንድ ዓይን አጥርቶ ቀሪውን ዘመድ የሚያደበዝዝ ሌንስ ይዞ መግባት ውበት ሳይሆን ጠብ መፈለግ ነው።

ሆላንዶችም ቢሆኑ በዚህ አይሙን። አምስተርዳም ሪይክስሙዚየም ያለውን የሬምብራንትን «የሌሊት ዘብ» ተመልከቱ። በ1642 የተጠናቀቀው የሚሊሻ ማኅበርተኞች የቡድን ሥዕል ነው፤ የተሳሉት በነፍስ ወከፍ አዋጥተው ነው። በኋላ በተሰጠ የምስክርነት ቃል መሠረት መዋጮው በአማካይ 100 ጊልደር ነበር፤ እንደ ቦታው የሚጨምርም የሚቀንስም አለ። ከፊት መቆምና ከጦር ስር አንገት ብቅ ማድረግ እኩል አይከፈልበትማ። ይባስ ብሎ በ1715 ሥዕሉ ወደ ከተማው ምክር ቤት ሲዛወር ግድግዳው አልበቃ ብሎ ዳር ዳሩን ቆረጡት፤ በግራ በኩል የነበሩ ሰዎች አብረው ሄዱ። ሙዚየሙ በ2021 የተቆረጠውን በኮምፒውተር አስመስሎ መልሶ ለጊዜው አሳይቷል። ከ306 ዓመት በኋላ! ጋሼ ያን ያህል የሚታገሡ ሰው አይደሉም።

ሃምሳ ሚሊ ሜትርም በአምስተርዳም ሳሎን ውስጥ የሚያደርገው ያንኑ መቁረጥ ነው። ጀርባህ ግድግዳ ነክቶ ገና ጉልበት ላይ ነህ። ሠላሳ አምስቱን ግን ኤፍ 5.6 ላይ አድርገህ ሦስት ሜትር ላይ ብታነጣጥር ከሁለት ሜትር ጥቂት አለፍ ካለው ጀምሮ እስከ አምስት ሜትር ድረስ ያለው ሁሉ ይጠራል፤ ተቀማጩም፣ ቆሞ ከኋላ ያለውም፣ ጫማውም። መብራት በሙሉ ታስበራለህ፣ ፊልሙን ጨክነህ ታጥባለህ። እንግዳው ሲሄድ፣ ሦስተኛው ቡና ላይ አንድ ሰው ብቻ ጨዋታ ይዞ ሲቀር፣ ያን ጊዜ ወደ 1.4 ትከፍተዋለህ፤ የሚቀየም ሌላ የለም። ስለዚህ ፎክትሌንደሯን ገዛሁ። ባለቤቴ ዋጋዋን ሰምታ «ይሄ ሁሉ ወር ለዚህች?» አለች፤ በምስጋና ቆጠርኩት።

ጥቂት ቆይቶ አምስተርዳም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የልጅ ምርቃት ተጠራን። ትንሿን ሌንስ ገጥሜ ብቅ ስል የቤቱ እማማ ካሜራውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህች ነው የምታነሳን? ያ ትልቁስ?»

«ይህች ትሻላለች እማማ፤ ሁላችሁም ትታያላችሁ።»

«ለልጄ ምርቃት ትልቁ ነው የሚሆነው» አሉ፤ ጉዳዩ ተዘጋ። ጓደኛዬ ከቦርሳው አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ገጠምኩት፣ 5.6 ላይ አደረግኩት፤ 10,000 ዩሮ የተከፈለበትን ቀዳዳ ዘጋሁት ማለት ነው። ቤተ ዘመዱ በሦስት ረድፍ ተሰለፈ፤ ጋሼ ከፊት መሐል ተቀመጡ። በመስኮቷ ሳይ ጉልበት ላይ ነኝ። ወደ ኋላ አልኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ወደ ደረጃው ወጣሁ። የአምስተርዳም ደረጃ እንደምታውቁት መሰላል ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። አንድ ወረድኩ፣ ሁለት ወረድኩ፣ ገመዱን በአንድ እጄ ይዤ ተንጠለጠልኩ፤ የጋሼ ጫማ ብቅ አለ። ሁሉም ፈገግ አለ፤ ከኋላ ረድፍ አንገቱን አስግጎ 700 ግራሙ ሲወዛወዝ የሚያየው ጓደኛዬ ብቻ ቀረ። አነሳሁ። በፎቶው ላይ ከሁሉም ይበልጥ ጠርቶ የወጣው የእሱ ድንጋጤ ነው።