ሆያ ሆዬ በሲልቨር ስፕሪንግ

ከቡሄ በኋላ ክረምት የለም የሚባለው ሜሪላንድ ላይ አይሠራም። ነሐሴ 13 ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰው ቁጭ ባለበት በላብ ይጠመቃል፤ ክረምቱ ገና ወደፊት ነው፣ ያውም በረዶውን ይዞ። በዓሉም ቢሆን ሥራ ቀን ላይ ከወደቀ እስከ ቅዳሜ ይታገሣል።

በእኛ ግቢ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ሰብስበን ሆያ ሆዬ እናስጨፍር ሲባል፣ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ስለ ዘርና ቀለም እኩልነት የሚያወራ ባነር አሠራ፤ ሦስት ተናጋሪም መደበ። አንደኛው ተናጋሪ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ የኤልሳልቫዶሩ፣ የቬትናሙ፣ የጥቁር አሜሪካዊውና የእኛው ልጅ ከኋላ ዱላ እየተቀማሙ ነበር።

አውራጁ ማን ሆነ መሰላችሁ? የኤልሳልቫዶሩ ልጅ! የእኛዎቹ አማርኛቸው እንዳይሳቅበት አንገታቸውን ይደፋሉ። እሱ ምን ገዶት! ያልገባውን ሁሉ በጩኸት ይሞላዋል፤ ተቀባዮቹም ዱላውን መሬት ላይ እየደበደቡ ይከተሉታል።

አንድ ፈረንጅ ልጅ ግን አጉረመረመ፤ «በሃሎዊን እኮ አንድ ነገር ብለን ከረሜላችንን ይዘን እንሄዳለን።» እውነቱን ነው። የእኛው ሥራ አለበት፦ ባለቤቱን ማሞገስ፣ እስኪሰጡ ከደጅ አለመነቃነቅ፣ ከተሰጠም በኋላ መርቆ መሄድ።

ሙልሙል የጋገሩ አንዲት እትዬ ደግሞ ሴቶቹን ሲያዩ፣ «እናንተ በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ አለላችሁ አይደል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ተቆጥተው ሲያበቁ ትልቁን ሙልሙል ያነሡት ከሁሉ አስበልጣ ለጮኸችው ልጅ ነው።

ችቦውን የግቢው አስተዳደር ከልክሎናል። ጅራፍ ግን ማንም አልከለከለም፤ ለካ ጅራፍ የሚባል ነገር አያውቁም ኖሯል። አዛውንቶቻችን ጩኸቱ በደብረ ታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ፤ ፊዚክስ የተማሩት ደግሞ ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው የሚጮኸው ይላሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤት ግን ሁለቱንም ትርጓሜ አልሰሙም፤ ተኩስ መስሏቸው ስልካቸውን እንደያዙ ከበረንዳ ብቅ አሉ። ጅራፉ ተጠቀለለ።

ማምሻውን ዶላሩን ሲካፈሉ ጠብ ተነሣ። ኮሚቴው ደነገጠ፤ «የዘር ነገር እንዳይሆን!» የምን ዘር? ጠቡ አውራጅ ከተቀባይ እኩል ይካፈላል ወይስ ይበልጣል የሚል ነው፤ እኛም ልጆች ሳለን ግንባር የተፈነካከትንበት። የቬትናሙና የእኛው ልጅ ባንድ ወገን፣ የኤልሳልቫዶሩ ብቻውን በሌላ ወገን ቆመው ይጨቃጨቃሉ። የተቀባዮቹ ወገን በብዛት አሸነፈ።

ለመጪው ዓመት አራተኛ ተናጋሪ ሊጨመር ነው አሉ። ወገኖቼ፣ እባካችሁ፣ ንግግሩ ይቅርና ሙልሙል ጨምሩ። የዘንድሮው ግማሹ ልጅ ጋ ሳይደርስ አልቋል።