ሉቺያኖን ላታውቁ

የልጅ ልጄ የቼልሲን ተቀያሪ በረኛ የጫማ ቁጥር ሳይቀር ያውቃል። ትናንት ማታ የጉና ብርድ አጥንቴ ገብቶ፣ ጋቢ ተከናንቤ ድንች ስልጥ፣ የዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ሊለምነኝ መጣ።

«ሉቺያኖ ቫሳሎን ታውቀዋለህ?» አልሁት።

«ለኢንተር የተጫወተው?»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። የምን ኢንተር! የኛ አምበል ነው እንጂ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሣ፣ ግብፆች ሁለቴ መርተውን ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ሁለት እኩል ያደረገን እሱ ነው፤ በጭማሪው ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ደገሙላቸው።

ወሬው ደብረ ታቦር ሲደርስ እኔ እረኛ ነበርሁ። የጨርቅ ኳስ ጠቅልለን «ሉቺያኖ እኔ ነኝ፤ የለም እኔ ነኝ» ስንጣላ፣ ጥጃው ላሚቱን እስኪበቃው ጠባት። የማታው ወተት ቀረ፤ የማታው አለንጋ ግን አልቀረም። ለኳስ እንደኔ የተገረፈ ካለ እስቲ ይምጣ!

ሰውየውማ እልኸኛ ነበር። አስመራ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት ተወልዶ፣ መካኒክነቱንም ኳሱንም ይዞ እስከ ድሬዳዋው ኮተን ቡድን ደረሰ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ክልስ አይቀበልም ያሉ ነበሩ ይባላል፤ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ አሻፈረኝ ብለው አስቀበሉት። ደርግ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ክብር ስንቅ አልሆነውም፤ አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ። የሕይወት ታሪኩንም «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» ብሎ በጣሊያንኛ አሳተመው። በጣሊያንኛ! እኔ በምን ላንብበው? መስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው አረፈ። ያን ጊዜ የልጅ ልጄ ምን እያየ ነበር? ቼልሲን!

ይህን ሁሉ ነግሬው ብሩን ሰጠሁት። ከጨዋታው ሲመለስ ደስ ብሎት በሩን በረገደው።

«አባባ፣ ያንን ሰውዎን በስልኬ አገኘሁት! ግን ወፍራም ነው፣ ጢማም ነው፣ መሀረብ ይዞ ይዘፍናል። ፓቫሮቲ ይላል።»