ለቢስቲማው አዲስ ሹም የተጻፈ ምክረ ጥፋት

በወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በቢስቲማ ወንበር የተዘረጋልዎ ክቡር ሹም ሆይ፤ የሹመት ዘመንዎን በምርቃት ሳይሆን በፍርድ አደባባይ ለመፈጸም ከተመኙ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ብሂለ አበው በየማለዳው እንደ ውዳሴ እየደገሙ ከትንሹ ይጀምሩ፤ ትልቅ ገንዘብ ልብን ያስደነግጣልና፣ የደነገጠ ልብም ወደ ንስሐ ሊያዘነብል ይችላልና።

የትንሹ ሁሉ በኵር ውሎ አበል ነው። ለአንድ ቀን ስብሰባ ደሴ ሄደው፣ ማምሻውን በሐይቅ በኩል ተመልሰው በገዛ አልጋዎ ካደሩ በኋላ፣ የአምስት ሌሊት አበል ፈርመው ይቀበሉ፤ ገንዘብ ያዡ ቢያቀረቅር ከትሕትና ነው ይበሉ። ቀጥለው ሥልጠና ያዘጋጁ፤ ቢስቲማ ላይ ሊሰጥ ቢችል እንኳ ለዕውቀት የሚስማማው አየር የኮምቦልቻ ነው። የመጡት 30 ቢሆኑ በመዝገቡ 60 ይገኙ። የቀሩትን ፊርማዎች አንድ ታማኝ ጸሐፊ በአንድ እስክሪብቶ ያኖራቸዋል፤ ሁለተኛ እስክሪብቶ መግዛት ለምን እንደማይታሰብ ለእኔ እስከ ዛሬ ምስጢር ነው።

በሕግ መሠረት ሀብትዎን ሲያስመዘግቡ፣ ደሴ ላይ ያሠሩትን ቤት ለአማችዎ ይተዉለት፤ ቁልፉን ግን ከኪስዎ አያውጡ።

ከሁሉ በላይ ወረቀቱን ይጠብቁ። ሌባ የጨለማ ወዳጅ ነው ሲባል፣ እርስዎ ግን የኃጢአትዎን ዜና መዋዕል በቀን ብርሃን፣ በማኅተምና በፊርማ፣ በየቅጂው ጽፈው ኦዲተሩ እንዳይደክም በተርታ ያስቀምጡለት።

ይህን የወረዳ ነገር ነው ብለው አይናቁት፤ ከዚህ ከፍ ያለውን መንበር የያዙትም ከፍርድ አልዳኑም። አቶ ታምራት ላይኔ በጥቅምት 1989 ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተሽረው፣ በሙስና 18 ዓመት ተፈርዶባቸው፣ በታኅሣሥ 2001 ተፈትተዋል፤ በ2012 ደግሞ ከጥረት ኮርፖሬት ጋር በተያያዘ ክስ አቶ በረከት ስምዖን 6፣ አቶ ታደሰ ካሳ 8 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ሦስቱም የብአዴን ነባር መሪዎች ነበሩ።

በግምገማው ዕለት «ሂሱን ተቀብያለሁ» ማለትዎን አይርሱ፤ ይህች ቃል ብዙውን ሹም ከቅጣት ይልቅ ወደ ሌላ ወረዳ አሻግራዋለች። መዝገቡ ወደ ደሴ ዐቃቤ ሕግ ከተላከ ግን የመጓጓዣው ነገር አያሳስብዎ፤ በዚያ ቀን የመንግሥት መኪና ከደጅዎ ይቀርባል፣ ነዳጁም በእውነት ይቀዳል፣ የሌሊቶቹም ቁጥር ሳይጨመርበት ይመዘገባል።