አራተኛ ማርሽ ለሚመኙ ሁሉ

የ1969 ኮርቬት ገዝተዋል እንበል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ መኪናውም የፈረንጅ ነው።) እንኳን ደስ አለዎት። አውቶማቲክ ከሆነ ከሥሩ የተንጠለጠለው ካምቢዮ ቱርቦ 400 የሚባለው ነው፤ ሦስት ማርሽ፣ የበሬ ጉልበት። ከተማ ውስጥ እንከን አይወጣለትም። አውራ ጎዳና ላይ ወጥተው በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ ግን፣ ዲፈረንሻልዎ 3.36፣ የጎማዎ ቁመት ደግሞ 69 ሴንቲ ሜትር ግድም ከሆነ፣ ሞተሩ በደቂቃ 2,900 ዙር እየዞረ ያጓራል። እጅዎ ሳያስቡት አራተኛ ማርሽ ፍለጋ ይሄዳል። አራተኛ ማርሽ የለም። ካምቢዮ የመቀየር ምኞት የሚፀነሰው በዚያች ደቂቃ ነው።

እኔም ያቺን ደቂቃ አልፌባታለሁና በትሕትና ልምከርዎ።

ከሁሉ አስቀድመው ጸጥታ በእውነት ይፈልጉ እንደሆነ ራስዎን ይመርምሩ። ጩኸት ጠላት ይመስላል፤ ግን ብዙ ገመና ይሸፍናል። ከጎንዎ የተቀመጠ ዘመድ «ለዚህ አሮጌ መኪና ስንት አወጣህ?» ቢል በ2,900 ዙር አይሰማም። ፈገግ ብሎ ራስን መነቅነቅ ይበቃል። ከኋላ የሚንቋቋው ነገርም አይሰማም። አራተኛው ማርሽ ይህን ሁሉ ከለላ ያነሳብዎታል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በቱርቦ 400 ሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግም አንድ ጊዜ ይዞራል። ኦቨርድራይቭ የሚባለው አራተኛ ማርሽ ሲገባ ግን ሞተሩ 70 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 100 ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱ ያው፣ የሞተሩ ዙር 2,050 ገደማ። ጉሮሮ ሳይሰነጠቅ መነጋገር ይቻላል። ይህ ማለት ይጠየቃሉ ማለት ነው።

ይህንንም ሰምተው ከቆረጡ፣ ቀጣዩ ሥራ ምክንያት ማዘጋጀት ነው። «ጸጥታ ፈልጌ» አይባልም፤ እርጅና ያስመስላል። «ነዳጅ ለመቆጠብ» ይበሉ። ሰሚው እርሳስ ካላነሳ ማንም አይከራከርዎትም። እርሳስ ካነሳ ግን ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦ በዓመት 3,000 ኪሎ ሜትር ነዱ እንበል፤ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሊትር ቆጠቡ እንበል። 60 ሊትር፣ ማለትም 16 ጋሎን ገደማ ነው። ጋሎኑን በሦስት ዶላር ተኩል ብናስበው 56 ዶላር። ካምቢዮው፣ ኮንቨርተሩ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ 4,000 ዶላር ቢፈጅ፣ ከ71 ዓመት በኋላ ትርፍ ማየት ይጀምራሉ። ቤት ውስጥ ያሉትን እርሳሶች ይሰብስቡ።

ባለ ፍሪሲዮኖቹ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣሉ። «የስፖርት መኪና በአውቶማቲክ ነውር ነው» ይላሉ። አይቆጡ። በ1953 በፍሊንት፣ ሚሺጋን የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ 300 ኮርቬቶች ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ባለ ሁለት ማርሽ ፓወርግላይድ አውቶማቲክ እንደነበሩ በለሰለሰ ድምፅ ያስታውሷቸው። በ1982 ደግሞ ፋብሪካው ኮርቬትን በማኑዋል ጭራሽ አልሸጠም፤ ሁሉም ባለ አራት ማርሹን 700 አር 4 ይዘው ወጡ። እርስዎ የሚያደርጉት የታናሹን ልብስ ለታላቁ ማልበስ ብቻ ነው።

አሁን ምርጫው። ለልጅ ባል እንደመፈለግ ነው፤ ሰባት ቤት ይቆጠራል።

700 አር 4 በየቦታው ይገኛል፤ መለዋወጫው አይጠፋም፤ ኮምፒውተር አያስገዛም። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ምርት በርካሽ አገኘሁ ብለው አይፈንጥዙ፤ ከ1987 ወዲህ ያሉት የተሻሻሉ ናቸው። አንድ አመል አለው፦ አንደኛው ማርሽ 3.06፣ ሁለተኛው 1.63 ነው። በ5,000 ዙር ከአንደኛ ሲለቅ 2,700 እንኳ ሳይሞላ ሁለተኛ ላይ ያርፋል፤ በጨለማ ደረጃ ሲወርዱ አንድ እርከን እንደመሳት ያለ ነው። ከአሮጌው ስለሚረዝምም ዘንጉ ይቆረጣል፤ ካምቢዮውን የሚሸከመው ብረትም ወደ ፊት መምጣት አለበት።

200-4 አርን በስሙ አይናቁት። ቁጥሩ አነስ ስላለ ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ እኔም አልፌው ነበር። ነገር ግን የ1987ቱ ቡዊክ ግራንድ ናሽናል፣ ያ ቀጥ ባለ መንገድ የዘመኑን ኮርቬት ያሳቀቀ ጥቁር መኪና፣ የሚሄደው በዚህ ነበር። 2.74፣ 1.57፣ አንድ፣ ከዚያም 0.67፤ እርከኖቹ ለእግር ይመቻሉ። ርዝመቱም ማረፊያውም ለቱርቦ 400 በጣም ስለሚቀርብ ዋናው ጣጣ የዘንጉ አፍ ነው፤ የአሮጌው 32 ጥርስ፣ የዚህ 27። ሞተርዎ ጉልበተኛ ከሆነ ግን ከወዳደቀ መኪና ነቅለው እንዳለ አይግጠሙት፤ ውስጡ በባለሙያ ይጠናከር።

4 ኤል 80 ኢ የቱርቦ 400 የሥጋ ዘመድ ነው፤ አራተኛ ማርሽ ተጨምሮበታል። ጉልበቱ አያጠያይቅም። ግን ያለ ኮምፒውተር አይንቀሳቀስም፤ ከባድና ወፍራምም ነው። በሌላ መኪና ቢሆን ወለሉን በመዶሻ ደብደብ አድርገው ቦታ ይሰጡታል። የኮርቬት ገላ ፋይበርግላስ ነው። መዶሻ ያነሱ ቀን እንደ ሸክላ ምጣድ ይመልስልዎታል።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ከመክፈልዎ በፊት ዲፈረንሻልዎ ስንት እንደሆነ ይወቁ። ወንዶች ይህን መጠየቅ ያፍራሉ። 3.08 ላይ 0.67 ከጨመሩበት በ113 ኪሎ ሜትር ሞተሩ 1,800 ዙር ብቻ ይዞራል፤ ካሙ ለውድድር የተሠራ ሞተር በዚያ ዙር ያቃስታል እንጂ አይጎትትም። አራተኛ ማርሽ ገዝተው ሦስተኛ ላይ ሲነዱ የሚገኙት እንዲህ ያሉት ናቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከ700 አር 4ም ሆነ ከ200-4 አር ጎን አንዲት ቀጭን ገመድ ትወጣለች፤ ጫፏ ካርቡራተሩ ላይ ይታሰራል። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ መካኒክም ጭምር፣ ለመቅደም ሲረገጥ ማርሽ የምታወርድ ተራ ገመድ ትመስለዋለች። አይደለችም። ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጡ ለካምቢዮው የምትነግረው እሷ ናት፤ ካምቢዮውም የዘይቱን ግፊት የሚያበጀው በእሷ ቃል ነው። ከላላች፣ እርስዎ እስከ ወለሉ ረግጠው ካምቢዮው ሽርሽር ላይ ያሉ ይመስለዋል። ግፊቱ ይወርዳል፤ በውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች ይንሸራተታሉ፤ ያርራሉ። ለዚህ ወራት አያስፈልግም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የእኔን የመጀመሪያ ካምቢዮ የገጠመው ባለሙያ «ገመዷን በኋላ እናስተካክላታለን» ብሎኝ ነበር። በኋላ ማለት መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዘይቱ ሲወጣ ያረረ ቡና ይመስል፣ ያረረ ቡናም ይሸት ነበር።

ስለዚህ ካርቡራተርዎ የፋብሪካው ካልሆነ የገመዷን ማዕዘን የሚያስተካክለውን ማሰሪያ ይግዙ። ከዕቃው ሁሉ ርካሹ እሱ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ግፊቱን በጌጅ ሳይለኩ ከግቢ አይውጡ። የሚቆለፍ ኮንቨርተር ከገጠሙም ፍሬን ሲረግጡ እንዲለቅ ሽቦውን ያሳስሩ፤ አለዚያ መብራት ላይ ሞተሩ ይጠፋና ከኋላዎ ያለው ሰው ስለ አሮጌ መኪና ያለውን አስተያየት በጡሩምባ ይነግርዎታል። ቱርቦ 400ውን አይሽጡት። ጋራዡ ጥግ አልብሰው ያስቀምጡት፤ የሚቀጥለው ባለቤት መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ካልሆነ አልገዛም የሚል ሊሆን ይችላል።

እኔ ሁለተኛውን ጊዜ 200-4 አር አስገጠምኩ፤ ገመዷንም ራሴ አሰርኩ። በመጀመሪያው እሑድ ጎረቤቴን ጋሼን ከጎኔ አስቀምጬ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሪችመንድ ወረድን። ፍጥነቱ 113 ሲደርስ አራተኛው ገባ፤ ዙሩ ከ2,000 በታች ወረደ። መኪናው ውስጥ እንደ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። ጋሼ ዙሪያውን አዩ፤ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት።

«እኔ የምልህ ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ እንኳ ሳያስፈልጋቸው፣ «ይሄ ነገር በጠቅላላው ስንት ፈጀብህ?»

ማርሹን አንድ እርከን ወደ ኋላ ሳብኩት። ሞተሩ አጓራ። ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።