ለጋሼ የቀረበ ይግባኝ

ላስ ቬጋስ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎት ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የስኳር መለኪያውን ሰው ሲገኝ እልካለሁ። የአምናውን ባትሪው አለቀ ብለው እንዳይጥሉት፤ ባትሪ ለብቻው ይገዛል።

የዛሬው ደብዳቤ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ዓመት በወረዳ ፍርድ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው የፈረዱ ሰው ነዎትና አንድ ጉዳይ እንዲያዩልኝ ነው። የክርክሩ ገንዘብ 64 ዶላር ነው። ጭብጡ ደግሞ ሰው በአፉ የተናገረው ያስረዋል ወይስ አያስረውም የሚል ነው። ደብዳቤውን ለእማዬ እንዳያነቡላት አደራ፤ ምክንያቱን አሁኑኑ ይረዱታል።

ሰኞ ሰኞ ታክሲዬን አቆማለሁ። ማታውን አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ስድስት ሆነን ፖከር እንጫወታለን። ይኸው፣ «ቁማርተኛ ሆነ!» አሉ። አልሆንኩም። እያንዳንዳችን 20 ዶላር ይዘን እንገባለን፤ ያለቀበት ሌላ 20 ይጨምራል ወይም ተነሥቶ ቢራ ያቀብላል። ከተማው በቁማር የሚያድር ነው፤ የዓለም የፖከር ሻምፒዮና የተጀመረውም በ1970 እ.ኤ.አ. እዚሁ ነው። እኔ ግን ተሳፋሪዬን ካዚኖ አድርሼ ከደጅ እመለሳለሁ። ወደ ጋራዡ የጎተተኝ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር ማጣሪያ ገብቶ በሻምፒዮናው 2.5 ሚሊዮን ዶላር በላ፣ የቤተሰቡ ስም ራሱ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት ነው፣ እያለ ጠዋት ማታ ይነዘንዘኝ ነበር። የአባቴ ስም ትርጉሙ ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ ከገንዘብ ጋር ዝምድና የለውም።

ጨዋታው እንደኛ ኮንከር አይደለም፣ ጆከር የለውም። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከዚያ መሃል ላይ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ ካርታ ተገልጦ ይወጣል። እነዚያ አምስቱ እንደ ሰፈር ቦኖ የሁሉም ናቸው። ከሰባቱ መርጦ የተሻለ አምስት ያጋጠመ ይበላል። ተከታታይ ቁጥር «ስትሬት» ይባላል፤ አምስቱም አንድ ዓይነት ምልክት ከሆኑ፣ ለምሳሌ አምስቱም ልብ፣ «ፍለሽ» ይባላል፤ ፍለሽ ይበልጣል። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ከ52 ካርታ ሊወጡ ከሚችሉት 2,598,960 ዓይነት አምስት አምስት ካርታዎች ስትሬት 10,200 ሲሆን ፍለሽ 5,108 ብቻ ነው አሉኝ። እንግዲህ «ፍለሽ አለኝ» የሚል ሰው ትንሽ ነገር እየተናገረ አይደለም፤ ይህን ይያዙልኝ።

ውርርዱ ሲያበቃ ካርታ የመግለጥ ሰዓት ይመጣል፣ ጨዋና ባለጌ የሚለየውም ያኔ ነው። ደንቡ በመጨረሻው ዙር ውርርድ ያነሣው ሰው አስቀድሞ ይግለጥ ይላል፤ ማንም ካልተወራረደ ከአዳዩ በስተግራ ካለው ይጀመራል። ተግባሩ ግን የኛ ሰዎች ሠርግ ቤት በር ላይ ሲደርሱ እንደሚያደርጉት ነው፤ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ»። ልዩነቱ እዚህ የሚግደረደሩት ለአክብሮት ሳይሆን የተሸነፈ ካርታቸውን ላለማሳየት ነው። ደግሞ አንድ ጎረምሳ አለ፣ ማሸነፉን እያወቀ ይተነፍሳል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ አንዱን ካርታ ገልጦ ሌላውን ይዞ ውኃ ይጠጣል። ተሸናፊው እጁን ወደ ገንዘቡ ሲዘረጋ ነው ሁለተኛውን የሚያወርደው። በዱላ ባይሆን በኩርኩም የሚገባው ሰው ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ያለፈው ሰኞ ነው። እጄ ላይ ኪንግና ጃክ ይዣለሁ፣ ሁለቱም ጥቁር። መሃል ላይ የልብ አራት፣ የልብ ዘጠኝ፣ የልብ ጃክ፣ ጥቁር ኪንግ፣ በመጨረሻም ጥቁር ሁለት ወጣ። ሁለት ኪንግ ከሁለት ጃክ ጋር አለኝ ማለት ነው። የቀረነው እኔና አንድ የቴክሳስ ጡረተኛ ሽማግሌ ነን። እሳቸው 18 ዶላር ገፉ፣ እኔም ልቤ እየመታ 18 አስቀመጥኩ፤ መሃል ላይ 64 ሆነ። ሽማግሌው ካርታቸውን ሳይገልጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ፍለሽ!» አሉ።

ጋሼ፣ እኔን ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ፀጉሩ የሸበተ ሰው «አለኝ» ሲል «እስቲ አሳዩኝ» ይባላል? መሃል ላይ ደግሞ ሦስት ልብ ተዘርግቷል፣ ነገሩ የማይመስል አይደለም። ካርታዬን እንደተደፋ ከተጣሉት ጋር ቀላቀልኩት። ያኔ ሽማግሌው ገለጡ። የልብ ኤስ፣ ከጎኑ ቀይ ሰባት። አጠገቤ የተቀመጠች ፊሊፒናዊት ነርስ አለች፤ ሌሊቱን ሙሉ የመድኃኒት ጽሑፍ ስታነብ የምታድር። መነጽሯን አወረደችና፣ «ይሄ ሰባት ልብ አይደለም፣ ዳይመንድ ነው» አለች።

ሁላችንም አጎነበስን። አምፖሉ ቢጫ ነው፤ ቀይ ከቀይ አይለይም። አራት ልብ ብቻ! የሰውዬው ካርታ ከባዶ ኤስ አያልፍም።

እጄን ወደ ክምሩ ስዘረጋ የጋራዡ ባለቤት መዳፉን ከላይ ጫነበት። «ካርታህ ሞቷል» አለኝ። ኪንግና ጃክ ነበረኝ ብል ማን ያየልኛል? በሕይወት ያለው ካርታ የሽማግሌው ብቻ ስለሆነ የሚበሉት እሳቸው ናቸው ተባለ። ቦብ ሲያፎኔ የሚባል ሰው ያዘጋጀው የፖከር ደንብ አለ፣ ባለቤቱ ስልኩ ላይ አውጥቶ አነበበልኝ። በዚያ ደንብ ካርታው ራሱ ይናገራል፤ አፍ ያለው አይጸናም። የራስን ካርታ መጠበቅም የባለካርታው ኃላፊነት ነው። ሌላውን ካርታ ለማስጣል ሆን ብሎ አሳስቶ የሚጠራ ግን ነውረኛ ነው፣ መሃል ያለውን ገንዘብም ሊነጠቅ ይችላል። ነገሩ ሁሉ እርስዎ የሐሳብ ክፍል በሚሉት፣ ሆን ብለው ነው ወይስ ተሳስተው በሚለው ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። ዓይናቸው እንደሆነ ባለፈው ወር የኔን ቢራ ሁለት ጊዜ ጠጥተውታል።

ሽማግሌው፣ ልክ እንደ ጨዋ ሰው፣ «እኩል እንካፈል» አሉኝ። እኔም እንዳሳደጉኝ፣ «ኧረ በፍጹም! ምንም አይደል» አልኩ። ሁለተኛ ቢሉኝ ትንሽ አንገራግሬ፣ ሦስተኛ ላይ 32 ዶላሬን ልቀበል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ የለም፣ ጋሼ። «እሺ፣ እንዳልክ» ብለው ሰብስበው ቆለሉት።

የይግባኝ ነጥቤ ይኸው ነው። በኛ አገር ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። የጥንቱ በላ ልበልሃ ሙግት በቃል የሚጸና፣ ውርርድም የነበረበት ነው ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ያም በተራው ከቁማር የራቀ አይመስለኝም። «ፍለሽ አለኝ» ያለ ሰው ፍለሽ ያምጣ፤ ካጣ በቃሉ ይቀጣ። ዳኝነት የከፈልኩበት ይመስል ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ቆሜ ተሟገትኩ። ነርሷ ስትስቅ አየኋት፤ ለምን እንደሳቀችም አውቃለሁ።

እውነቱን ለዳኛ መደበቅ ስለማይቻል እነሆ። ከዚያ ሦስት ሳምንት በፊት ከእኚሁ ሽማግሌ ጋር ተገናኝተን ነበር። እጄ ላይ ዘጠኝና ስምንት፣ መሃል ላይ ስድስት፣ ሰባት፣ ኪንግ፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። እኔ ሁለቱን ዘጠኝ ብቻ አይቼ፣ ካርታዬን ገልጬ አስቀመጥኩና «ሁለት ዘጠኝ» አልኩ። እሳቸው ሁለት ኪንግ አሳይተው ገንዘቡን መጎተት ሲጀምሩ ይችው ነርስ ጣቷን ካርታዎቹ ላይ እያሳረፈች ቆጠረች። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። ስትሬት! ተገልጦ የተቀመጠ ካርታ በስሕተት ሲነበብ ያየ ሁሉ መናገር ይችላል። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይናገሩ 41 ዶላሩን ወደ እኔ ገፉት። ያን ቀን ካፍ የወጣ አፋፍ ነው ያለ ሰው ጋራዡ ውስጥ አልነበረም። እኔማ ጭራሽ «ካርታው ይናገራል!» ብዬ የጮህኩት የመጀመሪያው ነኝ።

ስለዚህ ሲፈርዱ ይህንንም ያገናዝቡ፤ ቢቻል ግን ብዙም አያገናዝቡት።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ክረምቱ እዚህ ብርዱ ያን ያህል አይደለም። የደብረ ብርሃኑ ልጅ ሰላም ይልዎታል። ለአክስቴ ልጅ ሠርግ የላክሁት 200 ዶላር ከታክሲው ነው፣ ከጋራዡ አይደለም፤ ይህን ቢጠይቁዎት ይንገሩልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ካሰብኩት ቆይቷል። በ1989 የገና ማግስት መብራት ጠፍቶ በኩራዝ ኮንከር ስንጫወት ትዝ ይልዎታል? በክብሪት እንጨት ነበር የምንወራረደው፣ የተሸነፈ ከቦኖ ውኃ ይቀዳል። እርስዎ «ዘጋሁ!» ብለው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና ማናችንም ሳናይ ሰብስበው በወዙት። እኔ በዚያ ብርድ ሁለት ጄሪካን አመጣሁ።

ጋሼ፣ ያ ካርታ ሙሉ ነበር?

አክባሪዎ የእኅትዎ ልጅ